ደንበኛ የራሱን አሮጌ ብር ይዞ ሲመጣ፦ ማቅለጥ፣ ማኅተምና ቀብድ

ጥያቄ (የብር ጌጥ ሠሪ፣ ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ከተማ በግሌ የብር ጌጣጌጥ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። ሱቅ ስለሌለኝ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ሥራዬን በቴሌግራም አይተው ያዝዛሉ፤ ክፍያውንም በቴሌብር ይፈጽማሉ። ከጥምቀት አንስቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው የሠርግ ወቅት ግን ከእናት ወይም ከአያት የወረሱትን ጌጥ ይዘው መጥተው «ይህን አቅልጠሽ አዲስ ሥሪልኝ» የሚሉ ደንበኞች እየበዙብኝ ነው።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ደንበኛ ያመጡት ወፍራም አምባር ሲሆን፣ ለልጃቸው ሠርግ ሐብልና ጉትቻ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። አምባሩ ከጠገራ ብር እንደተሠራ በቤተሰቡ ዘንድ ይነገራል፤ በአንድ ወገን ግን ተሰብሮ የተጠገነበት ቦታ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ደንበኛዬ የገባው ክብደት ሳይጎድል እንዲመለስላቸውና በሐብሉ ላይ የብሩን ጥራት የሚያመለክት 925 የሚል ማኅተም እንዲመታበት ጠይቀዋል። ብሩ በእኔ እጅ ስላለ ቀብድ መክፈል እንደማይገባቸውም ነግረውኛል። እስካሁን እሳት አላስነካሁትም። እንዲህ ያለውን ሥራ የምትቀበሉ ሰዎች በምን ስምምነት ትቀበላላችሁ? ያላመንኳቸው ሳይመስላቸው እንዴት ላስረዳቸው?

ምላሽ (አንጥረኛ፣ አዳማ)

እህቴ፣ ሥራውን ይቀበሉ፤ «የገባው ክብደት ልክ ይወጣል» የሚለውን ቃል ግን አይግቡ። አሮጌ ጌጥ ሲቀልጥ በቅርጻ ቅርጹ ውስጥ የተጠራቀመው እድፍና ጥቁረት ይወጣል፤ በብየዳው ውስጥ ያለው ዚንክም በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚተን፣ ንጹሕ ብር ወደሚቀልጥበት ወደ 962 ዲግሪ ሳይደርስ ጢስ ሆኖ መሄድ ይጀምራል። ከዚያ ደግሞ ሲሞረድና ሲወለወል የሚረግፈው ብናኝ አለ። ስለዚህ ሲረከቡ፣ ቀልጦ ሲፈስስና ሲያስረክቡ ይመዝኑ፤ የመጀመሪያውን ሚዛን ደንበኛዎ ቆመው ይዩት፣ የቀረውን ቪዲዮ ቀርጸው ይላኩላቸው።

ግራጫው ቦታ በእርሳስ ወይም በቆርቆሮ ተጠግኖ ሊሆን ስለሚችል እንዳለ እንዳያቀልጡት አደራ። እርሳስ የገባበት ብር ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል፤ ሽቦ ላድርግህ ቢሉት ይበጠሳል። ያንን ክፍል ከነዙሪያው በመጋዝ ቆርጠው ያውጡ፤ ለብቻው መዝነውም ለደንበኛዎ ይመልሱ።

ስለ ማኅተሙ፣ ነገሩ የእምነት ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ጠገራ ብር፣ ማለትም ዘወትር 1780 የሚል ዓመት የሚታተምበት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 833 ከሺህ ብቻ ነው። 925 የሚባለው 92.5 በመቶ ብር ስለሆነ፣ 100 ግራም የጠገራ ብር ወደዚያ ደረጃ ለማድረስ 122 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር ይኖርብዎታል። ከእናታቸው ብር ይልቅ የተገዛው ሊበልጥ ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፈው ቢያሳዩአቸው ማኅተሙን ራሳቸው ይተዉታል ብዬ አምናለሁ።

ከመነሻው የብር መሆኑን ለማወቅ ማግኔት አይበቃም፤ ናስንም መዳብንም አይስብምና። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት፤ ከዚያ አምባሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው መሬቱን ሳይነካ ውሃው ውስጥ ያጥልቁት። የደረቁን ክብደት ሚዛኑ ባሳየው ቁጥር ሲያካፍሉ 925 ብር 10.36 አካባቢ፣ የጠገራ ብር 10.2 አካባቢ፣ ናስ ደግሞ 8.5 አካባቢ ይሰጣል። ውስጡ ክፍት ወይም በሰም የተሞላ ጌጥ ግን በዚህ ዘዴ ያታልላል።

ምላሽ (ጨሌና ብር አጣምራ የምትሠራ፣ ሐዋሳ)

እኔ በበኩሌ የደንበኛን ብር አቅልጬ አልሠራም። አንጥረኛ ብር ይቀንሳል የሚለው ሐሜት ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ አንድ ጊዜ ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ያ ብር የእናታቸው መሆኑን በምን ያሳያሉ? ቪዲዮውም ቢሆን የሚያሳምነው ለማመን የፈለገን ሰው ነው።

እኔ የማደርገው የአምባሩን ያማረ ገጽ ቅርጹን እንደያዘ በመጋዝ አውጥቼ የሐብሉ ማዕከል ማድረግ፣ ሰንሰለቱንና ጉትቻውን ደግሞ ከአዲስ 925 ብር መሥራት ነው። የድሮው አንጥረኛ የእጅ ሥራ ይታያል፣ ሙሽራዋም የአያቷን ጌጥ ዐይታ ታውቀዋለች። ሲቀልጥ ግን የሚቀረው ብሩ ብቻ ነው። በእርሳስ ሥዕል አሳይቻቸው «አይሆንም፣ ይቅለጥልኝ» ያሉኝ ደንበኞች ጥቂት ናቸው።

ምላሽ (ውል የማዘጋጀት ሥራ ላይ ያለሁ)

ስለ ቀብዱ ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ሠሪዎች የመጀመሪያውን ያውቃሉ፣ ሁለተኛውን ግን አያስቡትም። በሠርግ ወቅት ከአቅም በላይ ትእዛዝ ተቀብሎ ከ3,000 ብር ቀብድ በኋላ «አልደርስም» የሚል ሰው 6,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ደንበኛዋ ትንሽ ቀብድ ለቅቀው ቢሄዱ የእጅ ዋጋዎ ይቀራል። «ብሩ በእጅሽ ነው» ማለታቸው ይህን አይሸፍንም፤ ብሩ የእሳቸው ንብረት ስለሆነ ስለ ድካምዎ ሸጠው ሊያስቀሩት አይችሉም። ስለዚህ ክፍያው በደረጃ እንደሚፈጸምና ከማቅለጥ ወይም ከመቁረጥ በኋላ የእጅ ዋጋው እንደማይመለስ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደንበኛዬ ባሉበት አምባሩን መዘንነው። በደረቁ 62.4 ግራም ሆነ፤ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ሚዛኑ 6.1 ግራም አሳየ፤ ሲካፈል 10.2 መጣ። እናታቸው «ሁለት ጠገራ ከሽርፍራፊ ጋር» ይሉት እንደነበር የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለ 925 ማኅተሙ ሒሳቡን ሳሳያቸው ብዙም አልተከራከሩም። አምባሩ እንዲቀልጥ ግን አሁንም ይፈልጋሉ፤ ሥዕሉን ዐይተው «ልጄ አምባር ተቆርጦ አንገቷ ላይ እንዲታይ አትወድም» ብለዋል። የቀረኝ ጭንቀት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሐሳባቸውን የቀየሩ እንደሆነ ነው።

ምላሽ (አንጥረኛ፣ አዳማ)

ብሩን ከማቅለጥዎ በፊት አንዱን ጉትቻ በመዳብ ሠርተው በጆሯቸው ላይ ያሳዩአቸው፤ መዳብ ርካሽ ነው፣ ትልቅነቱና ክብደቱም ከሥዕል ይልቅ በጆሮ ላይ ይታወቃል። እስከዚያ ድረስ ያለውን ለውጥ በነጻ ያድርጉ፤ «ይሁን» ካሉና ከፈረሙ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ግን በእጅ ዋጋ ይሁን። ብናኙንና ፍርፋሪውንም ሲያስረክቡ በትንሽ ከረጢት አድርገው አብረው ይስጡአቸው፤ ለእርስዎ እንዲቀር ከተስማሙ ደግሞ ግራሙን ወረቀቱ ላይ ይጻፉት።