«ከተማው ካደገ ዙሪያው ይከተላል» ለድሬዳዋና ለሐረር ይሠራል?

ሳቢያን፦ ስለ ምሥራቁ ኢኮኖሚ በተደረገ ውይይት አንድ ተናጋሪ «ከተማው ካደገ ዙሪያው ራሱ ይከተላል» ሲሉ ሰማሁ። ይሄን ድሬ ላይ ማን ደፍሮ ይናገራል? ሐምሌ 1998 ከ250 ሰው በላይ የጨረሰው፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውኃው የወረደው ከላይ ከሐረርጌ ተራራ ነው። የጎርፍ መከላከያ ግንቡን የምንገነባው ታች፣ ችግሩ ያለው ላይ!

ከዚራ፦ አቦ፣ አንድ ጎርፍ ይዘህ የከተማን ሚና አትሰርዝ። ድሬ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በንግድ የቆመች ከተማ ናት። ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 የተከፈተው እዚሁ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከሕዝቧ 68 በመቶው ከተሜ ነው። ብሩ ሥራ የሚፈጥርበት ይግባ፣ ገጠሩ ገበያ ያገኛል።

ሳቢያን፦ «ይከተላል» ያልከው ይኸው ነው፤ በምን መንገድ እንደሚከተል ግን አልነገርከንም። ደቻቱ በየክረምቱ አሸዋና ድንጋይ ያመጣል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ግንቡ ያጥራል፣ በየዓመቱ ካልተጠረገ ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው ከአናት ጀምሮ እርከን፣ ከዚያ በየቦረቦሩ የጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ክትር ነው። ከታች ከጀመርክ የመጀመሪያው ዶፍ ክትሩን በደለል ይሞላዋል። የክትሩ መሐል ከሁለቱ ትከሻዎች ዝቅ ካላለ ደግሞ ውኃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይበላል፣ ጋቢዮኑ ብቻውን ይቀራል። ይሄን ሥራ የሚሠራው የሌላ ክልል ገበሬ ነው። ከድሬ ባጀት ግን ለእሱ ምን ተመደበ?

ጁገል፦ የሐረርንም ጨምር። ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ከተማችን ውኃ አጣች። አሁን ከድሬ በኩል ካለው ቆላ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ይመጣል፤ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ በየደረጃው በፓምፕ እየተገፋ። አንዱ ጣቢያ መብራት ከጠፋበት መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ሲመለስም ቀስ ተብሎ ካልተሞላና አየሩ በቫልቭ ካልወጣ ቧንቧው ይፈነዳል። ሐይቁን ማዳን ከዚህ ይረክስ ነበር።

ከዚራ፦ ሐይቁን ከተማው ብቻ አላደረቀውም! ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሲስብ፣ ደለሉም ሲገባ ማን ዝም አለ?

ጁገል፦ ለማን ገበያ ነበር የሚስበው? ከተማውም ገበሬውም ጠጡት፤ ተጠያቂ የሚሆን አንድ አካል ግን አልነበረም። እኔ የምለው ይሄንኑ ነው።

አወዳይ፦ ጫትን አትጣሉት፣ ይህን አገር ያበላ ነው። ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ መኪናው በሌሊት ወደ ድሬም ወደ ጅጅጋም ይበራል። ከተሞቹን የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ከዙሪያው ነው የሚወጣው። ማን ማንን እንደሚከተል እዚህ ላይ ይታያል።

ከዚራ፦ ታዲያ ለሐረርጌዋ ኮምቦልቻ ድንች ማቀዝቀዣ መጋዘን እዚሁ ድሬ፣ መልካ ጀብዱ፣ ባቡሩ አጠገብ ይሠራ። ከተማው ይጠቅማል ማለት ይሄ ነው።

አወዳይ፦ ድንች ደንገጎን ወርዶ 1200 ሜትር ላይ፣ በዚያ ሙቀት? በቀን ሁለቴ መብራት ቢጠፋ ይበሰብሳል። ደጋው ላይ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት፣ ማታ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ ቀን የሚዘጋ ጨለማ መጋዘን ያለ መብራት ይሠራል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆንና ይመርራል፣ ለዘር ብቻ ነው የተበተነ ብርሃን የሚፈለገው። ድሬ የሚያስፈልገው ለማስጫን ነው።

ከዚራ፦ ድሬን ማስጫኛ አደረጋችኋት እኮ! ሐረሮች ባቡሩ ስላለፋችሁ ነው ይሄ ሁሉ።

ጁገል፦ ባቡሩ ያለፈን ገደሉን መውጣት ስላልተቻለ ነው። ሐረር ከባቡሩ በፊት ስንት መቶ ዓመት የነገደች ከተማ ናት። ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሳቢያን፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ከውኃ ቢል ላይ የተወሰነ እጅ ለላይኛው ተፋሰስ ይመደብ፣ የሦስቱም አስተዳደሮች፣ የድሬ፣ የሐረሪና የኦሮሚያ፣ የጋራ ቦርድ ያስተዳድረው። ክፍያውም እርከኑና ክትሩ ክረምቱን ቆሞ ካለፈ በኋላ ይሁን፤ በቁፋሮ ቀን ከከፈልክ ማንም አይጠግነውም።

ከዚራ፦ የድሬ አስተዳደር ሥልጣን በወሰኑ ውስጥ ነው። የድሬ ሰው የከፈለውን ከወሰን ውጪ አውጥተህ ኦዲት የሚያደርገው ማን ነው? ይሄን ካልመለስክ እኔ አልስማማም።

ሳቢያን፦ ጎርፉስ ወሰን ላይ ይቆማል? ቦርዱ ይመረምረዋል አልኩህ እኮ።

አወዳይ፦ ገበሬው ሳይጠየቅ ቦርድ የሚባለውንም እኛ አንቀበልም። መጀመሪያ እዚያ ላይ እንነጋገር።