ለጓሮ መዋኛ ገንዳ መቆጣጠሪያና የውሃ ውስጥ መብራት፦ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ምን ይዘጋጅ?

ጥያቄ
ከሸዋ ሮቢት፣ ጡረተኛ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከመኖሪያ ቤታችን ጀርባ ለልጅ ልጆቼና በበዓል ለሚሰበሰበው ዘመድ የምትሆን መዋኛ ገንዳ እያሠራሁ ነው። ርዝመቷ 10 ሜትር፣ ስፋቷ 5 ሜትር ሲሆን ጥልቀቷ ከ1 ሜትር ተነሥቶ 1.8 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ በዚህ ስሌት 70 ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ትይዛለች። ቁፋሮው አልቆ ፌሮው ታስሯል፤ አርማታው የሚሞላው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

አንድ ዕቃ አቅራቢ ፓምፑን፣ መብራቱን፣ የክሎሪን መጨመሪያውንና የውሃ መሙያውን በሙሉ ከስልክ የሚያዝ አንድ መቆጣጠሪያ እንድገዛ ይመክሩኛል። የቤቱን መስመር የዘረጋልኝ ኤሌክትሪሺያን በበኩሉ ይህ ሁሉ ትርፍ ወጪ ስለሆነ ሁለት ባለ220 ቮልት መብራት ውሃው ውስጥ አስገብቼ በግድግዳ ማብሪያ አበራልዎታለሁ ይላል። የፓምፑ ክፍል ከገንዳው 25 ሜትር ያህል ይርቃል። መብራት በየጊዜው ይሄዳል፣ ሲመለስም አንዳንዴ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኢንተርኔቱም ከዚህ የተሻለ ጸባይ የለውም። ከሁለቱ ሰዎች የማንን ልስማ? ደግሞስ አርማታው ከተሞላ በኋላ ሊታረም የማይችለው ነገር የትኛው ነው?

መልስ
ከደብረ ብርሃን፣ ኤሌክትሪሺያን

የተከበሩ መምህር፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም መቆጣጠሪያውን ከዓመት በኋላም መግዛት ይቻላል፣ አርማታ ውስጥ ያልገባ ቱቦ ግን በመዶሻና በመሮ ካልሆነ አይገባም።

የባለ220 ቮልቱን መብራት ነገር ፈጽሞ አይቀበሉ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ለመዋኛ ገንዳዎች ባወጣው 60364-7-702 በተባለው ደንብ መሠረት፣ ሰው በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ የሚገባ መብራት ከ12 ቮልት ተለዋዋጭ ወይም ከ30 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል መብለጥ የለበትም፤ ኃይሉን የሚሰጠው ትራንስፎርመርም ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3.5 ሜትር ርቆ ነው የሚቀመጠው። የእርስዎ የፓምፕ ክፍል 25 ሜትር ስለሚርቅ ለትራንስፎርመሩ ምቹ ቦታ ነው። ትራንስፎርመሩ የገቢና የወጪ ጥቅሎቹ በኤሌክትሪክ የማይገናኙ፣ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለጥንቃቄ በሚል የ12 ቮልቱን መስመር ከኧርዝ ጋር ያያይዙታል፤ ስህተት ነው፣ የመስመሩ ደኅንነት የተመሠረተው ከምድር ጋር ባለመገናኘቱ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ፌሮው ነው። አሁን በዓይን እየታየ ሳለ የገንዳውን ፌሮ፣ የሚገባውን የብረት መሰላል፣ የእጅ መደገፊያውንና የፓምፑን አካል 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ወይም ከዚያ በሚወፍር የመዳብ ሽቦ እርስ በርስ አያይዛችሁ ጫፉን ወደ ፓምፑ ክፍል አውጡት። የዚህ ሥራ ዓላማ ሰው በእርጥብ እጁ መሰላሉን ሲይዝ በመሰላሉና በውሃው መካከል የቮልቴጅ ልዩነት እንዳይኖር ማድረግ ነው። ሽቦውን ከፌሮው ጋር በማሰሪያ ሽቦ መጠቅለል አይበቃም፤ በትክክለኛ የመዳብ መቆንጠጫ ይጥበቅ። ለፓምፑ መስመር ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ኃይል ወደ ምድር ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጥ አርሲዲ ይግባበት። አርሲዲው መብራት በበራ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ይፈለጋል እንጂ አርሲዲው አይነሣም፤ ይህን የምለው ተነሥቶ ያገኘሁት ከአንድ ቦታ በላይ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ። ሁለት ባለ20 ዋት የኤልኢዲ መብራቶች ቢያስገቡ እያንዳንዱ በ12 ቮልት 1.7 አምፔር ያህል ይስባል። በ25 ሜትር ርቀት፣ መሄጃና መመለሻው ሲደመር 50 ሜትር ሽቦ ማለት ስለሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ከተጠቀሙ መንገድ ላይ 1 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ ሁለቱንም መብራት በአንድ ገመድ ካስኬዱ ደግሞ ወደ 2 ቮልት ይጠጋል። 2 ቮልት ከ220 ላይ ቢቀነስ የሚያስተውለው የለም፤ ከ12 ላይ ሲቀነስ ግን መብራቱ ይደክማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ባለ2.5 ገመድ በራሱ ቱቦ ይዘርጉለት፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው 0.6 ቮልት ያህል ብቻ ይሆናል።

መልስ
ከአዲስ አበባ፣ የገንዳ ውሃ ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ላይ ስለ መብራቱ ቦታ ልጨምር። መብራቶቹ ከቤቱ በኩል ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ወለል 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ከቤቱ ተቃራኒ ስለሚሄድ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው ዓይን አይወጋም። አንደኛው ጥልቁን ጎን በደንብ እንዲያይ ይደረግ፤ ማታ የገንዳው ወለል የማይታይ ከሆነ የሰጠመ ሰውም አይታይም። የመብራቱ ገመድ መብራቱ በሚገባበት የግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ 3 ሜትር ያህል ተጠቅልሎ ይተው፤ መብራት ሲበላሽ ውሃ ሳይቀንሱ ወደ ላይ አውጥቶ ጠርዙ ላይ ለመሥራት ነው። የገመዱ መቀጠያ ሣጥን ደግሞ ከውሃው ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አንድ ጊዜ ለጥገና ተጠርቼ ስሄድ ሣጥኑ ከንጣፉ ሥር ተቀብሮ አገኘሁት፤ ክዳኑን ስከፍት ግማሽ ሊትር የሚሆን ውሃ ከነአረንጓዴ ዝገቱ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

መቆጣጠሪያን በተመለከተ፣ ለ70 ሜትር ኪዩብ ገንዳ በሰዓት 10 ሜትር ኪዩብ የሚገፋ ፓምፕ ሙሉውን ውሃ በ7 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በፊልተሩ ያሳልፈዋል። የሮቢት ሙቀት ከፍተኛ በመሆኑ በበጋ አንድ ዙር አይበቃዎትም። በእኛ ሙያ የተለመደው የጣት ስሌት የውሃውን ሙቀት ለሁለት ማካፈል ነው፤ ውሃው 28 ዲግሪ ከሆነ ፓምፑ በቀን 14 ሰዓት ቢሠራ ጥሩ ነው ማለት ነው። የፍጥነት መቀያየሪያ ያለው ፓምፕ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚሄደው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይል ግን በስሌት ደረጃ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሆኖም የዚህ ዓይነት ፓምፕ ኤሌክትሮኒክስ የቮልቴጅ መዋዠቅን አይታገስም።

ክሎሪንና አሲድ በራሱ የሚጨምረውን መሣሪያ ለጊዜው ያቆዩት። መሣሪያው የሚመራው ፒኤችን (የውሃውን አሲዳማነት) እና የውሃውን የማጥራት አቅም በሚለኩ ሁለት ዳሳሾች ነው፤ ዳሳሾቹ በየጊዜው በመለኪያ ፈሳሽ መስተካከል አለባቸው፣ ከደረቁ ይሞታሉ፣ በጥንቃቄ ቢያዙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቀየራሉ። ምትክ ዳሳሽ የሚያገኙበትን ሱቅ ሳያውቁ መሣሪያውን መግዛት ጎማ የሌለው መኪና እንደመግዛት ነው። በእጅ ሲሠሩ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6፣ ነጻ ክሎሪኑን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም መካከል ይጠብቁ፤ ፀሐይ ክሎሪንን ቶሎ ስለምታጠፋ ክሎሪኑን ማታ መጨመር ይሻላል። መሣሪያውን ወደፊት የሚያስገቡ ከሆነ ግን የውሃ ፍሰት ሲቆም ጨማሪዎቹም አብረው የሚቆሙበት የፍሰት ማብሪያ ሳይኖረው እንዳይገባ፤ ፓምፑ ቆሞ አሲድና ክሎሪን ቱቦ ውስጥ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። በርሜሎቻቸውም ጎን ለጎን አይቀመጡ።

መልስ
ከአረርቲ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት

መምህር፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሦስት ዓመት ገንዳ ስይዝ የተማርኩትን ልንገርዎ። መጀመሪያ የገጠመን ባለጥርስ ክብ ታይመር መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል፣ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ፓምፑ ቀን መሥራቱን ትቶ ሌሊት እየተነሣ እንግዶችን ይቀሰቅስ ጀመር። ከዚያ በኋላ በውስጡ ባትሪ ያለው፣ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን የማይረሳ ዲጂታል ታይመር ገዛን።

እርሱም የራሱን ጉድ አመጣ። የገጠመው ልጅ የገንዳው መብራት ከምሽቱ 12፡30 እንዲበራ ብዬው 12፡30 ብሎ ሞላው። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ መብራቱ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6፡30 ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ይበራ ነበር፤ በዚያ ብርሃን ማን ያየዋል? ማታ ጨለማ ሲሆንብን መብራቱ ተቃጥሏል ብለን አስወጣነው። ስለዚህ ምሽት 12፡30 ለማለት 18፡30፣ ጠዋት 2፡00 ለማለት 8፡00 ብለው ይሙሉ፤ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፈው የፓነሉ በር ላይ ይለጥፉት።

ብርሃን ሲቀንስ በራሱ የሚያበራ ፎቶሴል ግዙ ብለውኝም ነበር። በእኛ አገር ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በታች ስለሆነ የሚለዋወጠው፣ ታይመሩ በቂ ነው።

መልስ
ከደብረ ብርሃን፣ የሶፍትዌር ባለሙያ

ከስልክ የሚታዘዘውን መቆጣጠሪያ ሁሉም ሰው አጣጣለው፤ እኔ ግን በከፊል እቃወማለሁ። ልጆችዎ ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ከሆኑ፣ ፓምፑ መቆሙን በስልክ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሻጩን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ኢንተርኔት ለአንድ ወር ቢቋረጥ መሣሪያው የተሞላለትን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል ወይ? ትእዛዙን ከሩቅ ሰርቨር የሚጠብቅ ከሆነ ይተዉት። ፕሮግራሙ ሣጥኑ ውስጥ ካለ፣ እያንዳንዱም መስመር በእጅ የሚበራበት ማብሪያ ካለው ግን ጥሩ ዕቃ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእነዚህ ሣጥኖች ትንንሽ ሪሌዮች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያዎች) ሞተርን በቀጥታ ማስነሣት የለባቸውም፤ ሪሌዩ ኮንታክተሩን (ለሞተር የሚሆነውን ትልቅ ማብሪያ)፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያስነሣ። ይህን በሥራዬ ሳይሆን በቀለጠ ሪሌይ ነው የተማርኩት።

ተጨማሪ ጥያቄ
ከሸዋ ሮቢት፣ ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኤሌክትሪሺያኑን የመጀመሪያውን መልስ አስነበብኩት፤ ጥቂት ካኮረፈ በኋላ የ12 ቮልቱን ተቀብሏል። ሁለት ነገር ይቀረኛል፦ መብራት ሲመለስ ከሚመጣው ጉልበት ፓምፑን ምን ይጠብቀዋል? የውሃ መሙያውንስ አውቶማቲክ ላድርገው?

መልስ
ከደብረ ብርሃን፣ ኤሌክትሪሺያን

ቮልቴጅ ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥ፣ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ መከላከያ አለ፤ ከኮንታክተሩ በፊት ያስገቡት። በክረምት መብረቅ ስለሚበዛ ለፓነሉ የመብረቅ መከላከያ ቢጨመር ደግ ነው፤ ኧርዙ ደካማ ከሆነ ግን መከላከያው ጌጥ ብቻ ይሆናል። ፓምፑ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ከተተከለ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ውሃ አጥቶ በደረቁ አይዞርም፤ ዝቅ ሲል ግን የክረምት ጎርፍ እንዳይሞላው ለክፍሉ የወለል መፍሰሻ ይሠራለት።

መልስ
ከአዲስ አበባ፣ የገንዳ ውሃ ባለሙያ

ለውሃ መሙያው ኤሌክትሮኒክስ አያስፈልግም፤ በሮቶ ውስጥ እንዳለው ያለ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይበቃል። ሆኖም በራሱ የሚሞላ ገንዳ ስንጥቁን ይደብቃል፤ ውሃ እየፈሰሰ እርስዎ ሙሉ ገንዳ ነው የሚያዩት። ስለዚህ በመሙያው መስመር ላይ የውሃ ቆጣሪ ይግባና በየሳምንቱ ቁጥሩ ይጻፍ።

አርማታው ሳይሞላ ሌላም ይፈትሹ፦ የወለሉ መምጠጫ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት ያድርጉት፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይኑር። አንድ ብቻ ሲሆን የልጅ ፀጉር ወይም ሰውነት ሊስብና ሊይዝ ይችላል፤ ሁለት ሲሆን አንዱ ቢደፈን ሌላው ይስባል። ይህን አደጋ የትኛውም የስልክ መቆጣጠሪያ አያስቀረውም። ከዚያ ለሁለቱ መብራቶች ሁለት፣ ለወደፊቱ ደግሞ አንድ ባዶ ቱቦ ይቀበር፤ በሦስቱም ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ይሳብ፣ ጫፋቸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይታሰር። የአርማታው ዕለት ሲሚንቶ ገብቶ እንዳይደፍናቸው አንድ ሰው እዚያው ይቁም፤ ማታም ሲባጎዎቹ ሳቡ ሲሏቸው መንቀሳቀሳቸውን እርስዎ ራስዎ በእጅዎ ይሞክሩ።