ከሣር ማጨጃው የሚወጣው የቤንዚን ሽታ ቤት ውስጥ ገባ፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ

ጠያቂ፦ ተቀምጬ የምነዳውን የሣር ማጨጃ የማሳድረው ከቤቱ ጋር በተያያዘው ዕቃ ቤት ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ የቤንዚኑ ሽታ በበሩ ሥር እየገባ ልጆቹ እስከሚተኙበት ክፍል ደርሷል። ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ምን ልፈትሽ?

ጥንቁቅ፦ ቤንዚን የያዘ ማሽን ሰው ከሚተኛበት ቤት ጋር አያድርም። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በበሩ ሥር የገባብዎትም ለዚህ ነው። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ይህን ሁሉም ሰው ማወቅ አለበት።

አትክልተኛ፦ የታንኩን ክዳን ይቀይሩት። የእኔ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፤ በቀየርኩት ማግስት ሽታው ጠፋ።

ጠያቂ፦ ክዳኑ ባለፈው ወር የተቀየረ ነው። መብራት አብርቼ ማራገቢያ ልክፈት?

ባለ ፒንሳ፦ እንዳትነካው! ማብሪያውም ማራገቢያውም ብልጭታ አላቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት ያለበት ነገር አለ?

ጠያቂ፦ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ፤ ከማሽኑ ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው። ከሽታው ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ አልጻፍኩትም።

ባለ ፒንሳ፦ ወንድሜ፣ አሁኑኑ ልጆቹን ይዘህ ውጣ። ወደ ዕቃ ቤቱ አትመለስ። የጋዙ መዝጊያ ከቤት ውጭ ከሆነ ዝጋው፤ ከዚያ ራቅ ብለህ ለእሳት አደጋ ደውል። የማሽኑ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የዱሮ መካኒክ፦ ባለ ፒንሳ ያለውን አድርግ። ክፍሉ ተናፍሶ ማሽኑ ሜዳ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ ይህን አንብብ። ማሽኑ ተገፍቶ ይውጣ እንጂ ሞተሩ አይነሣ።

«ወለሉ ደረቅ ነው» ያልከው አያሳምነኝም። ጠብ ጠብ የሚል ቤንዚን ወለሉን ሳያርስ ይተናል። እኔ የምጠረጥረው ካርቡሬተሩን፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ ነው። በውስጡ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ገፍቶ የሚዘጋት ትንሽ መርፌ አለች፤ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቆሻሻ ከያዘቻት አትዘጋም። ታንኩ ከካርቡሬተሩ ከፍ ያለ ከሆነ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል። የአየር ማጣሪያውን ክፈት፤ ከራሰ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘህ አሽትት። ዘይቱ ከምልክቱ አልፎ ከወጣ፣ ቀጥኖም ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ወርዷል፤ መርፌዋ ሳትስተካከልና ዘይቱ ሳይቀየር እንዳታስነሣው። የጎማ ቱቦውንም ከማሰሪያው አጠገብ ጎንበስ አድርገህ እየው፤ ስንጥቁ ቱቦው ቀጥ ሲል ይደበቃል።

አትክልተኛ፦ አዲስ ክዳንም ቢሆን ልኩ ካልሆነ ያስተነፍሳል። እኔ አሁንም ክዳኑን እላለሁ።

የዱሮ መካኒክ፦ ክዳን ይሸታል፤ ልጆች መኝታ ድረስ ይዘልቃል ግን አይመስለኝም። ከታንኩ በሚወጣው ቱቦ ላይ ሩቢኔት ካለ ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ ዝጋው፤ ከሌለ አስገባለት። ሩቢኔቱ ተዘግቶ ሽታው ከቀጠለ፣ የሚያፈሰው ታንኩ ራሱ ወይም ቱቦው የሚገባበት ጎማ ነው።

ጠያቂ፦ ውጭ ነን። እሳት አደጋ እየመጣ ነው።

ጥንቁቅ፦ ትናንት የጻፉልን ይህ ብቻ ነው። እንዴት ሆናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እባክዎን አንድ ቃል ይጻፉልን።