የአባቴ ቮልስ በ1/24፦ ቀለሟ ወተት መሰለ፣ ልትድን ትችላለች?

የቮልሱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመኑን ሙሉ የነዳት ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ከተሸጠች ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለወጣል። እናም የጃፓኑ ታሚያ የሚያወጣውን፣ እ.ኤ.አ. የ1966 ቮልስዋገን 1300 ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ገዝቼ ጀመርኩ። እውነተኛዋ መኪና 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ገደማ ናት፤ ይቺኛዋ በ24 ተካፍላ 17 ሴንቲ ሆናለች። እህቴ ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ይዛለት እንድትሄድ ነው ሐሳቤ።

ወለሉን፣ መቀመጫዎቹን፣ ቸርኬና ጎማውን በሦስት ምሽት ገጣጠምኩ። ቀላል ነው አልኩ። እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቦዲውን ቀባሁ። ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ ሸሚዝ ገላ ላይ የሚጣበቅበት የነሐሴ ሙቀት ነው። በረንዳ ላይ ወጥቼ መጀመሪያ ነጭ ፕራይመር (የሥር ቀለም)፣ ከዚያ የታሚያ ቲኤስ-23 ፈዛዛ ሰማያዊ ስፕሬይ። ሲያርፍ እንዴት እንደሚያምር! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣሪያው ላይ ጭጋግ ወጣ። ሻይ ውስጥ ወተት ጠብ ሲል እንደሚዘረጋው ያለ። ደንግጬ ይሸፍነዋል ብዬ ደገምኩበት፤ ባሰበት። አሁን በሩን ከቦዲው የሚለየው መስመር ሊደፈን ምንም አልቀረው። የግራው ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ) ላይ ደግሞ ደርቋል ብዬ ነክቼው የአውራ ጣቴ አሻራ ቁጭ ብሏል። መታወቂያ ያወጡበታል።

ሁሉንም ልቅም አድርጌ ልጠበው ወይስ የሚድን ነገር አለ? 5 ሳምንት ነው ያለኝ።

ፍራንክፈርት 24፦

አይዞህ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። እኔ የመጀመሪያዋን አልፋ ሮሜዮዬን ሦስት ጊዜ አጥቤያታለሁ።

ጭጋጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይድናል። ላኬር ቀለም (እንደ ረጨኸው ያለ በቲነር የሚሟሟ) የራሱ ዓይነት ሲደረብበት የታችኛው ትንሽ ይሟሟል። ስለዚህ ደረቅ ቀን ጠብቀህ ቲኤስ-13 የሚባለውን ክሊር (ቀለም አልባ ማብረቅረቂያ) በስሱ ብትረጭበት የታፈነው እርጥበት ሊወጣና ቀለሙ ሊመለስ ይችላል። ያንተ ችግር ጭጋጉ አይደለም፣ የበሩ መስመር ነው። መርፌ ውሰድና በመስመሩ ላይ ቀስ ብለህ አስኪደው። መርፌው መንገዱን ካገኘ ተወው። ከተንሸራተተ እጠበው። የተደፈነ መስመር በኋላ ጎልቶ እንዲታይ የሚገባበትን ጥቁር ቀለም አልይዝ ይልና መኪናዋ ሳሙና ትመስላለች።

ለማጠብ 99 በመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ አሳድራት። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋት። መስታወቶቹን ግን እዚያ ውስጥ እንዳትከት። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አታስጠጋ።

ሁለተኛው ዙር ላይ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች የሆነበትን ቀን ጠብቅ፤ ስልክህ ይነግርሃል። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቁመው፣ ፍልቅልቅ ውስጥ አይደለም፣ እሳት ላይማ ጭራሽ። ስትረጭ ከመኪናዋ ውጭ ጀምረህ ከመኪናዋ ውጭ ጨርስ። የመጀመሪያው እጅ ፕራይመሩን መሸፈን የለበትም፤ ብናኝ ብቻ ይረፍበት።

ስቱኮ፦

ልጄ፣ እኔ ይሄን የፕላስቲክ ነገር ሠርቼ አላውቅም። እውነተኛዋን ግን ጋራዥ ውስጥ 22 ዓመት ቀብቻለሁ። ስንት ቮልስ በእጄ እንዳለፈ አልቆጠርኩም።

ክረምት ላይ ጠዋት ጉም ካለ ኮምፕሬሰሩን አናስነሳም ነበር። ደንበኛ አስቸኩሎን የረጨን ቀን ልክ ያንተ ዓይነት ነጭ ይወጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቲነሩ ቶሎ ሲተን የቀባኸውን ነገር ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ ቀዝቃዛ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ጤዛው ቀለሙ ውስጥ ይቀራል። አንተ በላዩ ደግመህ ረጨህበትና ሌላ ጤዛ ጨመርክ። ቀለም ሲበላሽ እጅ መሰብሰብ ነው። ያኔ ለተለማማጆቼ የምለው ይህንኑ ነበር፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

ሌላው፣ ከመቀባትህ በፊት በላርጎ አጥበሃት ነበር? የእጅ ቅባት ካለ ቀለሙ ይሸሻል፣ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ይሠራል። ከታጠበች በኋላ በባዶ እጅ አትንካት።

ብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀም 2000 ቁጥር ይሁን፣ ውሃ እየነከርክ። ቮልስ ድቡልቡል ስለሆነች ጠርዝ የላትም ትላለህ። አላት። ፓራፋንጎው የሚያልቅበት፣ የኮፈኑ አፍንጫ፣ የጎማው ቅስት። ቀለም ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው። እዚያ አትፈግፍግ፤ ሁለቴ ካስኬድክበት ነጩ ብቅ ይላል።

ሚሚ ትንሿ ጋራዥ፦

ስለ ቀለሙ ተብሏል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ። የአባትህ መኪና በእርግጥ የዚህ ሞዴል ዘመን ናት? የ1966ቷ የፊት መብራት ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፣ መስታወቱ የፓራፋንጎውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ወዲህ በተሠሩት ላይ ግን መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራውልቱም (የግጭት መከላከያው) ወፍራምና ከፍ ያለ ሆነ። አሜሪካ የተላኩት ላይ ብቻ መብራቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ቆሟል። እኔ ራሴ ለአጎቴ ሠርቼ ስሰጠው አንዴ አየና «ቆንጆ ናት፣ የማን ናት?» አለኝ። ፎቶ ካለህ መብራቱን እይ።

ደግሞ መስታወት በሱፐር ግሉ እንዳትለጥፍ። ጢሱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። ተራ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ይጠፋል።

የቮልሱ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ስቱኮ፣ እርስዎ ስለ ጤዛው ያሉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እጅ መሰብሰብ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አዎ፣ በላርጎ አላጠብኳትም ነበር።

መርፌው ተንሸራተተ። አጠብኳት። ጠዋት ላይ ሰማያዊው እንደ እንቁላል ቆዳ እየተላጠ ወጣ፣ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ምንም አልሆነም። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። ዘጠኝ! አንድ ጠዋት ስልኬ እርጥበት 48 በመቶ ሲል ከሥራ ዘገየሁ። ነጩን ፕራይመር እንደገና፣ ከዚያ ሰማያዊውን በስሱ ሦስት እጅ ረጨሁና ቶሎ ብዬ አቧራ እንዳይነካት የኬክ ክዳን ደፋሁባት። ጭጋግ የለም። መስመሩም አለ። ክሊሩን ገና አልረጨሁም።

ሚሚ፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ያለን ፎቶ ከጎን የተነሳ ነው፤ መብራቱ ላይ ደግሞ ወንድሜ ተደግፎ ቆሟል። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ነዳጅ ስንቀዳ አባቴ ወርዶ የፊት ኮፈኑን ይከፍት ነበር። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) እዚያው ዕቃ የሚጫንበት ጋ ነው። ከገበያ የመጣ ሽንኩርት ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

ሚሚ ትንሿ ጋራዥ፦

በቃ፣ አሮጌዋ ናት! መብራቱ የቆመው ጊዜ ነዳጅ መቅጃውም ወደ ውጭ ወጥቷል፣ በቀኝ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር በራሱ ትንሽ በር። ሽንኩርቱ መስክሮልሃል።

የቮልሱ ልጅ፦

ሌላ ጉድ ልጨምር። ትናንት ለአባቴ ደወልኩ። ስጦታው ስለሆነ እንዳልነግረው ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ስለ ቀለሟ ጠየቅኩት። «የገዛኋትማ ነጭ ነበረች» አለኝ። «አንተ ሳትወለድ እኔ ነኝ ሰማያዊ ያስቀባኋት።»

ልጅ ሆኜ የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ነጭ ጭረት ነበር። የግቢያችን በር ጠባብ ነው፤ ስትገባ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ትፋቃለች። የበሩ ቀለም የተላከከባት ይመስለኝ ነበር። በራችን ግን አረንጓዴ ነበር! ይሄን ያህል ዓመት አንዴ እንኳን አላሰብኩትም። ለካ ነጩ የራሷ ነው፣ ከሥር ያለው።

ያንን ጭረት ልሠራው እፈልጋለሁ። በነጭ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ልሥለው? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ይህን ሁሉ የለፋሁበት እንዳይበላሽ ፈርቻለሁ።

ስቱኮ፦

አትሣለው። የተሣለ ጭረት ከሩቅ ያስታውቃል። ሥሯ ነጭ ፕራይመር ነው አላልክም? እንግዲያው ልክ እንደ አባትህ መኪና ናት፣ ነጭ ላይ ሰማያዊ። ክሊሩን ከመርጨትህ በፊት 2000 ቁጥሩን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ጠቅልለህ ውሃ ንከረው። አትፈግፍግ ያልኩህን ጠርዝ አሁን ፈግፍገው። ሁለቴ ብቻ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ መኪናዋ በሩ ውስጥ ስታልፍ በምትፋቅበት አቅጣጫ።