ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ 100 ሜጋቢት ላይ ቆመ፤ ካርዱ ነው ወይስ ኬብሉ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተሬ ኔትወርክ ካርድ ባለ 1 ጊጋቢት ነው፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊችም እንደዚያው። ዊንዶውስ ግን የሊንኩን ፍጥነት 100/100 ሜጋቢት ብሎ ያሳየኛል። ከሰርቨሩ ፋይል ስገለብጥ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ለውጥ የለም። በአድቫንስድ ገጹ «ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ» የሚለውን 1.0 ጊጋቢት ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ኬብል አልተሰካም ይለኛል። መስመሩ የሚመጣው ከግድግዳ ሶኬት ነው። ካርድ ልቀይር?

ባለክሪምፐር
ወንድሜ፣ ካርድ ለመግዛት አትቸኩል። ምልክቱ ሁሉ ወደ ሽቦው ነው የሚያመለክተው። 100 ሜጋቢት የሚሠራው ኬብሉ ውስጥ ካሉት አራት ጥንድ ሽቦዎች በሁለቱ ብቻ ነው፦ ፒን (የሶኬቱ መገናኛ ነጥብ) 1 እና 2፣ 3 እና 6። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ ማለትም 4 እና 5፣ 7 እና 8 ይጨመራሉ። ካርዱና ስዊቹ የሚደራደሩት በመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ላይ ስለሆነ ድርድሩ ራሱ ያልቃል፣ «ጊጋ እንችላለን» ይባባላሉ። ሊንኩን ሊያነሡ ሲሞክሩ የቀሩት ጥንዶች የሉም፤ ጥቂት ሞክረው ወደ 100 ይወርዳሉ። አንተ 1.0 ብለህ ስትመርጥ ይህን መውረጃ ዘጋህበት፣ ለዚያ ነው ጭራሽ የጠፋው።

ኮምፒውተሩን ስዊቹ አጠገብ ወስደህ፣ ጊጋ እንደሚሰጥ በምታውቀው አጭር ኬብል በቀጥታ ሰካው። 1.0 ካሳየ ካርዱና ፖርቱ ነፃ ናቸው። ከዚያ ከኮምፒውተሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ኬብል ቀይር፤ ካልተስተካከለ የሶኬቱን ክዳን ፍታ።

የኔትወርክ ሰው
በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ምርጫውን ወደ «አውቶ ኔጎሲዬሽን» (ካርዱና ስዊቹ ራሳቸው ወደሚደራደሩበት) መልሰው። በመዳብ ኬብል ጊጋቢት ያለ ድርድር አይሠራም። 100 ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ብሎ መቆለፍም መፍትሔ አይደለም፦ ስዊቹ አውቶ ላይ ከሆነ ፍጥነቱን ከሲግናሉ ያውቃል፣ ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስለሌለ ሃፍ (በተራ መላክና መቀበል) ላይ ይወድቃል። ሊንኩ ይበራል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ፋይል ሲገለበጥ ግን ይንፏቀቃል። ይሄ ከ100 ሜጋው የባሰ ነው።

ሁለተኛ፣ ስምንቱም መብራት በራ ብለህ የኬብል መፈተሻውን (ቴስተሩን) አትመን። ርካሹ ቴስተር የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። ጥንዶቹን በቀለም ተራ 1-2፣ 3-4፣ 5-6፣ 7-8 ብሎ የደረደረ ሰው ቴስተሩን ያልፋል፤ ግን ፒን 3 እና 6 የአንድ ጥንድ ልጆች አይደሉም፣ ስለዚህ የአንዱ ሲግናል ወደ ሌላው ይዘልቃል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል፣ በ«ቢ» አደራደር፣ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ ነው።

በመሃል የአይፒ ስልክ (በኔትወርክ ኬብል የሚሠራ ስልክ) ካለም ተመልከት። ብዙዎቹ የቆዩ ስልኮች ለኮምፒውተር የሚያሳልፉት ፖርት 100 ሜጋ ብቻ ነው።

ጠያቂ
ስልክ የለም። በአጭሩ ኬብል ስዊቹ ላይ ስሰካው 1.0/1.0 አለ። ሶኬቱን ስፈታው ብርቱካናማውና አረንጓዴው ብቻ ተመትተዋል (ሶኬቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብተዋል)። ሰማያዊውና ቡኒው ወደኋላ ታጥፈው በኬብሉ ልባስ ላይ ተጠምጥመዋል፣ ጫፋቸው እንኳ አልተቆረጠም።

ባለክሪምፐር
እንግዲህ ይኸው። አንዳንድ ጊዜ አንዱን ኬብል ለሁለት ሶኬት ለመክፈል፣ አንዳንዴም ለስልክ መስመር ብለው ሁለቱን ጥንድ ይተዋሉ። ከመምታትህ በፊት የወዲያኛውን ጫፍ ተመልከት፤ እዚያም ሰማያዊውና ቡኒው ሌላ ቦታ ገብተው ከሆነ የዚያን ሶኬት ተጠቃሚ ታቋርጣለህ።

ሶኬቱ ላይ የኤ እና የቢ፣ ማለትም የሁለቱ መደበኛ አደራደሮች፣ የቀለም ምልክት ጎን ለጎን አለ፤ ሌላው ጫፍ በየትኛው ከተመታ አንተም በዚያው ሂድ። ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታ። የታጠፉት ሽቦዎች መታጠፊያቸው ላይ ስለሚሰበሩ ያንን ቆርጠህ ከጤነኛው ጀምር። በቢላ ወይም በካቻቪቴ አትጫን፣ የሽቦ መምቻ መሣሪያውን ተጠቀም፤ ሽቦው ስንጥቁ ውስጥ ግማሽ ከቀረ ዛሬ ጊጋ ይሰጥህና ነገ ኬብሉ ሲነካ ወደ 100 ይመለሳል።

የኔትወርክ ሰው
ሲያልቅ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጥ። በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ካየህ ሽቦው ደህና ነው። ሊንኩ 1.0 እያለ ከ40 እና 50 የማያልፍ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የሁለቱንም ማሽን ዲስክ ተመልከት።