የሚታጠፍ ካርታ መሃል እጥፋቱ ላይ እየተቀደደ አስቸገረኝ

የኅትመት ባለሙያዎች፣ እባካችሁ አግዙኝ። ኤ2 (420 በ594 ሚሊ ሜትር) የከተማ ካርታ ነው፤ ወረቀቱ በካሬ ሜትር 100 ግራም የሚመዝን። ረጅሙን ጎን እንደ አኮርዲዮን (አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ) 6 እኩል ክፍል አድርጌ አጥፌ፣ ከዚያ ለሁለት ሳጥፈው 99 በ210 ይሆናል።

የወረቀቱ ቃጫ (ክሮቹ የተዘረጉበት አቅጣጫ) ከ5ቱ የአኮርዲዮን እጥፋቶች ጋር ትይዩ ስለሆነ እነሱ ንጹሕ ናቸው። የመጨረሻው ግን ቃጫውን አቋርጦ፣ ያውም 6 ተደራራቢ የወረቀት ንጣፍ አንድ ላይ ስለሚያጥፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙባቸው 5 ነጥቦችም ቶሎ ይበሳሉ። የመንገድ ስሞችን ከመስመሩ 4 ሚሊ ሜትር አርቄያለሁ፤ መቀደዱን ግን አያስቀርም።

መጀመሪያ ለሁለት አጥፌ ቀጥሎ አኮርዲዮን ባደርገው መሃሉ የሚታጠፈው ነጠላ ሆኖ ነው። ነገር ግን ተጠቃሚው አንዴ ስቦ ሙሉውን መክፈት አይችልም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ደግሞ ይኸው ነው። ወደ 80 ግራም ብወርድ የጀርባው ኅትመት አልፎ ይታያል። ቅደም ተከተሉን ሳልቀይር መሃሉን ከመታጠፉ በፊት በማሽን ተጭኖ የእጥፋት መስመር ማስያዝ ይበቃል? ወይስ የወረቀቱን ዓይነት ልቀይር?