የእሁድ ገበያችን ግቢው ጠበበው፤ እናዛውረው ወይስ ሻጭ እንቀንስ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ፀሐፊ ነኝ። እሁድ እሁድ ብሎኮቹ መሃል ባለው መኪና ማቆሚያ ገበያ አለን። ስንጀምር 14 ሻጭ ነበር፣ አሁን 63 መደብ ደርሷል። ሽንኩርቱ ከሱቅ ስለሚረክስ ከሌላ ሰፈር ሳይቀር በታክሲ ይመጡበታል። ደስ ይላል፣ ግን መፈናፈኛ ጠፋ። ያለፈው እሁድ አምቡላንስ መግባት አቅቶት፣ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን በቲማቲም ሳጥን መሃል እስከ አስፋልቱ በወንበር ተሸክመን አወጣናት (በሰላም ተገላግላለች፣ ተመስገን)። ወረዳው 600 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ሜዳ እሰጣችኋለሁ ብሏል። ሻጮቹ «ደንበኛ ይበተንብናል» ይላሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ደግሞ «ዛሬውኑ አንሱልን» ብሎ ይዞናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

የአትክልት ተራ ልጅ
ወንድሜ፣ የመዛወርን ነገር እኔን ጠይቀኝ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ከፒያሳ አትክልት ተራ ተነቅለን ጃንሜዳ ገባን። በ2013 ደግሞ ሜዳው ለጥምቀት መጽዳት ስላለበት ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄድን። ዓመት ሳይሞላ ሁለቴ! ደንበኛ የሚበተነው ገሚሱ ሻጭ ሄዶ ገሚሱ ሲቀር ነው። ሸማች ሽንኩርቱ አንድ ቦታ፣ ድንቹ ሌላ ቦታ ከሆነበት ሁለቱንም ትቶ ሰፈሩ ሱቅ ይገባል። ከሄዳችሁ በአንድ ቀን፣ ሁላችሁም።

ጃንሜዳ ላይ ያስመረረን ርቀቱ ሳይሆን ክረምቱ ነው። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ጎመኑ ከሥር ይበሰብሳል። ሜዳውን በፀሐይ አትዩት። ዝናብ በጣለ ማግስት ቦቲ አድርጋችሁ ሂዱና ውሃው የት እንደሚተኛ እዩ።

የቃሪያዋ
«ሻጭ እንቀንስ» ስትሉ ማንን ነው? መቼም መጀመሪያ የሚባረረው እንደኔ መሬት ላይ ዘርግታ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የምትቸረችረው ናት። የኔ ቦታ አንድ ማዳበሪያ ቢነጠፍ ያልቃል። እኛ ገበያ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ግን በራሱ፣ በሚስቱና በወንድሙ ስም ሦስት መደብ ይዞ ሁለቱን ያከራያል። መዝገባችሁን አውጡና ስም በስም ጥሩ። አቤት የሚል ከሌለ ይሰረዝ። የተረፈውን በአደባባይ በዕጣ አድሉ፤ እናንተም ቤቱን ያገኛችሁት በዕጣ አይደል?

የሸማቾች ማኅበር የሠራሁ
የቃሪያዋ እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ የምጨምረው አይሱዙውን ነው። አንድ አይሱዙ ቆሞ ሲውል የስንት መደብ ቦታ እንደሚበላ በእርምጃ ለኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አራግፎ ይውጣ፤ ያረፈደ ውጭ አቁሞ በጋሪ ያስገባ። ሌላው ባለ ሱቁ ነው። በጠዋት መጥቶ አምስት ኩንታል ሽንኩርት ጠራርጎ ይጭንና ማክሰኞ መልሶ ለእናንተው ይሸጥላችኋል። ለአንድ ሰው ከ10 ኪሎ በላይ አይሸጥ።

መልስ ለሸማቾች ማኅበሩ
ተዝካር ያለበት ሰውስ በ10 ኪሎ ሽንኩርት ምን ያድርግ? ባለ ሱቁ እንደሆነ አምስት ልጅ አሰልፎ ይገዛል፣ አይተነዋል።

የሸማቾች ማኅበር የሠራሁ
ድግስ ያለበት ቅዳሜ ለኮሚቴው ያስመዝግብ። አምስት ልጅ ያሰለፈውን ግን እኔም አልቻልኩትም፣ አልዋሽም።

ባለ ኖራው
ክርክሩ ይቆየንና አምቡላንሱ ይቅደም። ከበሩ እስከ መጨረሻው ብሎክ 4 ሜትር መንገድ በኖራ አስምሩ። መደብ፣ ጆንያ፣ የቆመ መኪና፣ ምንም አይረፍበት። የቆርቆሮ ዳስም አታብዙ፤ እሳት ቢነሳ 939 ደውላችሁ የሚመጣው መኪና ከአምቡላንስ ይሰፋል። ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ እንቁላልና ቅቤ ሻጮች ይጠፋሉ። ያን ሰሞን ቦታቸውን ለሽሮና ለምስር ስጡ፣ ፋሲካ ሲደርስ ይመለሱበት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ሞከርነው። ስም በስም ስንጠራ 63ቱ መደብ የ51 ሰው ሆኖ ተገኘ። አንዱ «ወንድሜ ሽንት ቤት ሄዶ ነው» ሲል ቆይቶ ገበያው እስኪበተን ወንድም አልመጣም። አይሱዙዎቹ ወጡ፤ አንድ ግን 2 ሰዓት ላይ ደርሶ አስገቡኝ ብሎ ብዙ ጮኸብን። የኖራው መስመር ከሰዓት በመጣው ካፊያ ታጠበ፣ ለሚቀጥለው ገመድ እንወጥራለን።

ሜዳውንም ዛሬ ጠዋት አየነው። የሌሊቱ ዝናብ በሩ አጠገብ ኩሬ ሠርቷል፤ ሌላው ጎን ደረቅ ነው። ወረዳውን ጠጠርና የውሃ መውረጃ ቦይ ጠይቀናል። ያ ሳይሠራ አንድም ሻጭ አይሄድም፤ ከተሠራ ግን ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ሁሉም አብሮ ይነሳል ብለን በቃለ ጉባኤ ፈርመናል። የፊት ለፊቱ ብሎክም እስከዚያ እታገሳለሁ ብሏል፣ ጠዋት በራቸው ላይ ጡሩምባ እስካልተነፋ ድረስ።